ፍሬድ ሸትልስወርዝ ማነው? ኪንግን ወደ በርሚንግሃም የጠራው ፓስተር

በየዓመቱ ጃንዋሪ ላይ፣ እኛ ጥምቀትን በምናከብርበት ሰሞን፣ አሜሪካ የማርቲን ሉተር ኪንግን ቀን ታከብራለች። መስሪያ ቤት ይዘጋል፣ ትምህርት የለም፣ "ህልም አለኝ" የሚለው ንግግር ከስልክ ስልክ ይዞራል። ደስ ይላል። ግን ከዛ ሁሉ በኋላ ብዙ ሰው ጋ የሚቀረው ታሪክ ምን መሰላችሁ፣ አንድ ጎበዝ ተናጋሪ ተነሳ፣ ተናገረ፣ የሰዉ ልብ ራራ፣ ህጉ ተቀየረ፣ አለቀ። እንደዛ አይደለም የሆነው። ልብ ስለራራ ብቻ የተቀየረ ነገር በጣም ትንሽ ነው፣ ነገሩ በቤተክርስቲያን፣ በገበያ፣ በፍርድ ቤትና በእስር ቤት ያለፈ ረጅም ስራ ነው፣ ያንን ስራ ደግሞ አላባማ ውስጥ በርሚንግሃም በምትባል ከተማ ኪንግ ከመምጣቱ ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ የጀመረው ሌላ ባፕቲስት ፓስተር ነው።

ስሙ ፍሬድ ሸትልስወርዝ ነው። አትላንታ የምትኖሩ ወይ ትራክ የምትነዱ ብዙዎቻችሁ ስሙን ሳታውቁት አልፋችሁበታል፣ ከአትላንታ በሀይዌይ 20 ወደ ምዕራብ ሁለት ሰዓት ከምናምን ስትነዱ በርሚንግሃም ትደርሳላችሁ (የእንግሊዟ አይደለችም)፣ የከተማዋ ኤርፖርት በሱ ስም ነው የሚጠራው። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሰውየው ከየት ነው የመጣው?

1922 ላይ አላባማ ውስጥ ማውንት ሜግስ በምትባል የገጠር ቦታ ተወለደ፣ ያደገው ግን በርሚንግሃም አጠገብ ነው። ሸትልስወርዝ የእንጀራ አባቱ ስም ነው። ቤቱ ድሃ ነበር፣ 1940 ላይ ቤት ውስጥ ድብቅ አረቄ በማውጣት ተከሶ የሁለት ዓመት ገደብ ተፈርዶበታል። በዛው ዓመት ነው ሃይስኩልን በአንደኛነት የጨረሰው። ከዛ ሞቢል የምትባል ሌላ የአላባማ ከተማ ሄዶ የጦር አውሮፕላን ሰፈር ውስጥ ትራክ ነዳ፣ እዛ እያለ ነው ባፕቲስት የሆነውና መስበክ የጀመረው። 1953 ላይ በርሚንግሃም ሰሜኑ ክፍል ያለችው የቤቴል ባፕቲስት ቤተክርስቲያን ፓስተሯ አድርጋ ወሰደችው። ሰፈሩ በፋብሪካና በባቡር ሀዲድ የተከበበ የሰራተኛ ሰፈር ነው፣ ምዕመኑም ያው ሰራተኛ ነው።

በርሚንግሃም ምን አይነት ከተማ ነበረች?

እዚህ ጋ ሴግሪጌሽን የሚለውን ቃል መረዳት አለብን። ሴግሪጌሽን ማለት ጥቁርና ነጭን በህግ መለየት ነው። በህግ የሚለው ላይ ይሰመርበት። አንድ ባለሱቅ ክፉ ስለሆነ አይደለም፣ ባለሱቁ ጥሩ ሰው ሆኖ ጥቁሩን ከነጩ አጠገብ አስቀምጦ ቢያበላ ራሱ ባለሱቁ ይቀጣል። በርሚንግሃም ውስጥ ጥቁርና ነጭ አንድ ላይ ተቀምጠው ዳማ ወይ ካርታ ወይ ዶሚኖ እንዳይጫወቱ የሚከለክል የከተማ ደንብ ነበረ። ዳማ! የውሃ መጠጫው ለየብቻ፣ ሽንት ቤቱ ለየብቻ፣ አውቶብሱ ላይ መቀመጫው ለየብቻ። ፍርድ ቤት መናፈሻዎቹን ክፈቱ ሲላቸው 1962 ላይ ከጥቁር ጋር ከምንጋራ ለሁላችንም ይቅር ብለው የከተማውን መናፈሻዎችና መዋኛዎች ዘጉ፣ የነጮቹም ልጆች መጫወቻ አጡ ማለት ነው።

በ1960 ከተማዋ ወደ 340 ሺ ህዝብ ነበራት፣ ከዛ ውስጥ 40 በመቶ ገደማው ጥቁር ነው። ግን እስከ 1966 ድረስ አንድም ጥቁር ፖሊስ አልነበራትም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ባሉት 20 ዓመታት ውስጥ ወደ 50 የሚጠጉ ቦንቦች በጥቁሮች ቤትና ቤተክርስቲያን ላይ ፈንድተዋል፣ ሰዉም ከተማዋን "ቦምቢንግሃም" ይላት ነበር። አፈንጂዎቹ በብዛት ኩ ክለክስ ክላን የሚባለው የነጭ የበላይነት ማህበር ሰዎች ናቸው፣ ከፖሊሶቹም ውስጥ የማህበሩ አባል የሆኑ ነበሩ። ስለዚ ቤትህ ቢፈነዳ የምትከሰው ለማን ነው? እንዲ አይነት ቦታ ላይ ነው ሰውየው መሪ ልሁን ያለው።

ለምንድነው ፓስተሮች የመሩት?

ብዙ ሰው ይሄን በመንፈሳዊነት ብቻ ያብራራዋል። እምነቱማ አለ፣ ከልቡ ነው ያመነው። ግን ሌላ በጣም ተራ የሆነ ምክንያት አለ፣ እሱም ደሞዝ ነው።

በዛ ጊዜ በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍል ውስጥ አንድ ጥቁር አስተማሪ በሰልፍ ላይ ቢታይ ቀጣሪው መንግስት ነው፣ ይባረራል። የፋብሪካ ሰራተኛው ቀጣሪው ነጭ ነው፣ ይባረራል። የቤት ሰራተኛዋም እንደዛው። የባፕቲስት ፓስተርስ? ባፕቲስት ከፕሮቴስታንት ቤተሰብ አንዱ ነው፣ ሰው አድጎ አምኖ ነው በውሃ ውስጥ ጠልቆ የሚጠመቀው ይላሉ፣ ለኛ ጉዳይ ዋናው ነገር ግን አስተዳደራቸው ነው። እያንዳንዷ ቤተክርስቲያን ራሷን ነው የምታስተዳድረው። ከላይ ሆኖ ፓስተሩን የሚያነሳ ወይ የሚያዛውር ጳጳስ የለም፣ ህንጻው የምዕመናኑ ነው፣ ፓስተሩን የሚቀጥሩትም የሚያሰናብቱትም እነሱ ናቸው፣ ደሞዙም ከነሱ መዋጮ ነው። እንደ እድር አስቡት፣ የእድሩን ዳኛ አባላቱ ይመርጡታል እንጂ ከውጪ ያለ ሀብታም ሰው ሊሽረው አይችልም። ስለዚ የበርሚንግሃም ነጭ ባለስልጣን ሸትልስወርዝን ሊያስረው ይችላል፣ ሊያስደበድበው ይችላል፣ ከስራ ሊያባርረው ግን አይችልም። ይሄ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። በዛ ላይ ቤተክርስቲያኗ አዳራሽ አላት፣ መዝሙር አላት፣ ገንዘብ መሰብሰቢያ ሙዳይ አላት፣ ሰው በየሳምንቱ ሳይጠራ ይመጣል። ከባዶ ድርጅት ማቋቋም አያስፈልግም፣ ድርጅቱ አለ።

ድርጅት ሲታገድ ምን ይደረጋል?

በ1956 የጥቁሮች መብት ዋና ተከራካሪ የነበረው ኤን ዳብል ኤ ሲ ፒ የሚባለው አንጋፋ ድርጅት ነው። የአላባማ አቃቤ ህግ ድርጅቱ በክልሉ ህግ መሰረት አልተመዘገበም ብሎ ፍርድ ቤት ሄዶ የእግድ ትዕዛዝ አወጣበት፣ ቀጥሎም የአባላቱን ስም ዝርዝር አምጣ ተባለ። ዝርዝሩ ቢሰጥ ምን እንደሚከተል ለማንም ግልጽ ነው፣ ስሙ የተገኘ ሰው ስራውን ያጣል፣ ማታ ደግሞ ቤቱ ይፈነዳል። ድርጅቱ እምቢ አለ፣ አላባማ ውስጥም ለስምንት ዓመት ተዘጋ።

ሸትልስወርዝ ያሰበው ቀላል ነገር ነው። እግዱ የወጣው በድርጅቱ ስም ላይ እንጂ በሰዎቹ ላይ አይደለም። ጁን 5 ቀን 1956፣ እግዱ በወጣ በአራተኛው ቀን፣ ሰርዴስ ባፕቲስት ቤተክርስቲያን ውስጥ ህዝብ ሰብስቦ አዲስ ማህበር አቋቋመ፣ የአላባማ ክርስቲያናዊ ንቅናቄ ለሰብአዊ መብቶች ብለው ሰየሙት። ሌሎች ፓስተሮች ጊዜው አይደለም፣ ይቆይ ያሉት ነበሩ፣ ግን ህዝቡ እሺ አለ። ከዛ በኋላ ሰኞ ማታ ሰኞ ማታ ስብሰባ ነው፣ ይዘመራል፣ ይጸለያል፣ ሳንቲም ይዋጣል፣ በዛች ሳንቲም ጠበቃ ይቀጠራል። ፖሊሶች ከኋላ ተቀምጠው እየጻፉ ይሰሙ ነበር፣ እነሱ እየሰሙም ነው ሁሉም ነገር የሚነገረው። ዓመት አልሞላውም፣ 1957 ላይ ከኪንግና ከሌሎች ፓስተሮች ጋር ሆኖ ኪንግ የመራውን ትልቁን የደቡብ ክርስቲያን አመራር ጉባኤ መሰረተ።

የገና ማታ ምን ተፈጠረ?

ዲሴምበር 1956 ላይ ሞንትጎመሪ በምትባል ሌላ የአላባማ ከተማ ጥቁሮች አውቶብስ አንሳፈርም ያሉበት አድማ በድል ተጠናቀቀ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አውቶብስ ላይ ጥቁርና ነጭን መለየት ህገወጥ ነው አለ። ሸትልስወርዝ ለበርሚንግሃም ባለስልጣናት እናንተም ደንቡን አንሱ፣ ካላነሳችሁ ዲሴምበር 26 ከፊት ወንበር እንቀመጣለን አላቸው። ቀኑን ነግሯቸዋል ማለት ነው፣ ሳይደብቅ።

በዋዜማው፣ በፈረንጆቹ ገና ማታ፣ ቤቱ ውስጥ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ከቤተክርስቲያኑ ዲያቆን ጋር እያወራ ነው፣ ልጆቹ ሌላ ክፍል አሉ። ዳይናማይቱ የተቀበረው ልክ እሱ በተኛበት ክፍል ስር ነበር። ሲፈነዳ ግድግዳው ሄደ፣ ወለሉ ሄደ፣ ጣሪያው ወረደ፣ እሱ ከነፍራሹ ፍርስራሹ ውስጥ ገባ። ጎረቤት ሁሉ በሩጫ መጣ፣ ሞቷል ብለው ነው የመጡት። አቧራው ውስጥ ራሱ በእግሩ ወጣ፣ ከባድ ጉዳት የለበትም። ከውጪ መሳሪያ ይዘው በንዴት የቆሙ ሰዎች ነበሩና ወደ ቤታችሁ ግቡ አላቸው። አንድ ፖሊስ ደግሞ ጠጋ ብሎ እኔ አንተን ብሆን ቶሎ ከተማውን ለቅቄ እሄድ ነበር አለው። መልሱ፣ እግዚአብሔር ከዚህ ያወጣኝ እንድሸሽ አይደለም፣ ሄደህ ለክላን ወንድሞችህ እዚሁ ነኝ በላቸው የሚል ነበር።

ጠዋት ላይ ሰዉ አውቶብሱ ይቅር ይሆን ብሎ ሲጠብቅ እሱ መጀመሪያ ገባ። ከ200 በላይ ሰው ተከተለው፣ ከ20 በላዩ ታሰረ። እኔ ሁሌ የሚገርመኝ ፍንዳታው አይደለም፣ ማታ ቤቱ ፈርሶ ጠዋት ቀጠሮውን ማክበሩ ነው። ከዛ በኋላ የበርሚንግሃም ህዝብ ይሄ ሰው አይሸሽም ብሎ አመነው፣ ለሰባት ዓመት ሰልፍ የሚያወጣ እምነት የተገኘው ከዛ ነው።

ልጆቹን ትምህርት ቤት ሲወስድስ?

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 1954 ላይ የትምህርት ቤት መለያየት ከህገመንግስቱ ጋር ይጋጫል ብሎ ወስኗል። ውሳኔ ግን ወረቀት ነው፣ ሄዶ በሩን የሚያንኳኳ ሰው ከሌለ እዛው መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ሴፕቴምበር 9 ቀን 1957 ሸትልስወርዝ ሁለት ሴት ልጆቹንና ሌሎች ሁለት ልጆችን ይዞ የነጮች ወደነበረው ፊሊፕስ ሃይስኩል ሄደ። በሩ ላይ ሰንሰለት፣ ዱላና የብረት ቡጢ የያዙ ሰዎች ይጠብቁ ነበር። መሬት ላይ ጥለው ደበደቡት፣ ሚስቱ ሩቢ ዳሌዋ ላይ በስለት ተወጋች፣ ከሴት ልጆቹ የአንዷ እግር በመኪና በር ተጎዳ። እየዳኸ መኪናው ውስጥ ገብቶ አመለጡ። ሆስፒታል ሐኪሙ መርምሮት ጭንቅላትህ ከዚህ በላይ አለመጎዳቱ ይገርማል ሲለው፣ ዶክተር፣ ጌታ አስቸጋሪ ከተማ እንደምኖር ስለሚያውቅ ጠንካራ ጭንቅላት ሰጠኝ አለው። በዛው ማታ ስብሰባ ላይ ቆሞ ማንም በቀል እንዳያስብ ለመነ።

ሰላማዊ ትግል ዝም ብሎ መደብደብ ነው እንዴ?

አይደለም፣ ትልቁ አለመግባባት ያለውም እዚህ ጋ ነው። ሰላማዊ ትግል ማለት አንዱን ጉንጭ ሲመቱህ ሌላውን ሰጥቶ መቀመጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማንም ባለስልጣን አይፈራውም ነበር። የሚፈራው እንደ ማሽን ስለሚሰራ ነው። ማሽኑ አራት እጅ አለው። አንዱ ገበያ ነው፣ ሰዉ መሃል ከተማ ካሉ ሱቆች መግዛት ሲያቆም ባለሱቁ ራሱ ከንቲባው ቢሮ ሄዶ አንድ ነገር አድርጉ ይላል። ሌላው እስር ቤት ነው፣ በፈቃዱ የሚታሰር ሰው ሲበዛ እስር ቤቱ ይሞላል፣ የሞላ እስር ቤት ደግሞ ማስፈራሪያነቱ ያበቃል። ሶስተኛው ፍርድ ቤት ነው፣ እያንዳንዱ እስር መዝገብ ይሆናል፣ መዝገቡ ይግባኝ እየተባለበት ዋሽንግተን ይደርሳል። አራተኛው ካሜራ ነው፣ በየቀኑ በድብቅ የሚደረገውን ግፍ በቀን ብርሃን እንዲደረግ ማስገደድ።

ልብ በሉ፣ አራቱም እጅ የሚሰራው ሰልፈኛው እጁን ካላነሳ ብቻ ነው። አንድ ድንጋይ ከተወረወረ ካሜራው ድንጋዩን ይዞ ነው የሚሄደው፣ ዳኛውም ሁከት ነው ይላል።

1962 ላይ የጥቁር ኮሌጅ ተማሪዎች ከሸትልስወርዝ ማህበር ጋር ሆነው የሱቆቹን ቦይኮት ጀመሩ። በሴፕቴምበር የኪንግ ድርጅት ጉባኤውን በርሚንግሃም ላይ ሊያደርግ ሲል ነጋዴዎቹ ሰልፍ እንዳይመጣባቸው ፈሩና ከሸትልስወርዝ ጋር ተደራደሩ፣ "ለነጭ ብቻ" "ለጥቁር" የሚሉትን ጽሁፎች ከውሃ መጠጫና ከሽንት ቤት ላይ አነሱ። ጉባኤው አልቆ ኪንግ ሲሄድ ጽሁፎቹ ተመልሰው ተለጠፉ። ይቺን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

ታዲያ 1963 ላይ ልጆች ለምን ሰልፍ ወጡ?

በዛን ጊዜ ሸትልስወርዝ ኦሃዮ፣ ሲንሲናቲ ሌላ ቤተክርስቲያን ቢይዝም ንቅናቄውን አልለቀቀም ነበር፣ እየተመላለሰ ይመራው ነበር። ኪንግን ና በርሚንግሃም፣ እዚህ ካሸነፍን ሁሉም ቦታ እናሸንፋለን እያለ የወተወተው እሱ ነው። ኪንግም ከበርሚንግሃም እስር ቤት በጻፈው በዛ ታዋቂ ደብዳቤ ላይ፣ የውጪ ሰው ሆነህ ምን ልታደርግ መጣህ ለሚሉት፣ የመጣሁት እዚህ ያለው ማህበራችን ጠርቶኝ ነው ይላል። ማህበሩ የሸትልስወርዝ ነው።

ዘመቻው ኤፕሪል 3 ጀመረ። ጊዜው የተመረጠው ለፋሲካ ገበያ ነው፣ ለልብስ ሱቆች ከገና ቀጥሎ ትልቁ ገበያ። ከመጀመራቸው በፊት እንኳን በህጉ መሰረት ፈቃድ ጠይቀዋል፣ ከንቅናቄው የተላከች ሴት ቡል ኮነር ጋ ሄዳ የሰልፍ ፈቃድ ስትጠይቅ፣ በርሚንግሃም ላይ የሰልፍ ፈቃድ አታገኙም፣ እኔ ራሴ በሰልፍ ወደ እስር ቤት እወስዳችኋለሁ ብሎ መልሷታል። ኮነር የከተማው የጸጥታ ኮሚሽነር ነው፣ ፖሊሱም እሳት አደጋውም በሱ ስር ነው፣ በኋላ የእሳት ማጥፊያ ውሃ በሰው ላይ የተለቀቀው ለዚህ ነው።

ኤፕሪል 12፣ በነሱ ስቅለት ቀን፣ ኪንግ ታሰረ። ግን ወር ሊሞላ ሲል ሰልፈኛ አለቀ። አዋቂው ፈርቶ ብቻ አይደለም፣ ቢታሰር ስራው ይሄዳል፣ የቤት እዳው አለ፣ ልጆቹ አሉ። ያኔ ነው ጄምስ ቤቭል የሚባለው ወጣት ፓስተር ታዲያ ስራ የሌለው ማነው? ተማሪው ነው ያለው። ተማሪ ቢታሰር የሚያጣው ደሞዝ የለም፣ የሚይዘው የእስር ቤት ቦታ ግን የአዋቂውን ያህል ነው። ኪንግ አመነታ፣ ብዙ ወላጅም ተቃወመ፣ ዛሬም ልክ ነበር ወይ ብሎ የሚከራከር ሰው አለ፣ ክርክሩም ተገቢ ነው ምክንያቱም ልጆቹ በእውነት ተጎድተዋል። ሜይ 2 የሬድዮ አቅራቢዎች ዛሬ ፓርክ ላይ ፓርቲ አለ፣ የጥርስ ብሩሻችሁን ይዛችሁ ኑ እያሉ በሚስጥር ቋንቋ ጠሯቸው፣ የጥርስ ብሩሹ ለእስር ቤት አዳር ነው። የትምህርት ቤት በር የተቆለፈባቸው አጥር ዘለው ወጡ። ከ1,000 በላይ ልጅ ከ16ኛ መንገድ ባፕቲስት ቤተክርስቲያን እየዘመረ ወጣ፣ በመቶዎች ታሰሩ። በማግስቱ እስር ቤቱ ሞላ፣ ኮነርም ውሾቹንና የውሃውን ቧንቧ አወጣ። ውሃው የዛፍ ቅርፊት የሚልጥ ነው፣ ልጆች አስፋልት ላይ እየተንከባለሉ ሲሄዱ ፎቶው ዓለምን ዞረ።

ሜይ 7 ሸትልስወርዝ ራሱ በውሃው ተመትቶ ከቤተክርስቲያኑ ግድግዳ ጋር ተላተመ፣ በአምቡላንስ ተወሰደ። ኮነር ሲሰማ፣ አለመኖሬ አሳዘነኝ፣ ምነው በአስከሬን መኪና በወሰዱት ኖሮ አለ።

ከኪንግ ጋር ለምን ተጣሉ?

በማግስቱ፣ ገና መድኃኒቱ ሳይለቀው፣ ከሆስፒታል ወጥቶ ኪንግ ወደነበረበት ቤት መጣ። ኪንግ ሰልፉን ለጊዜው ልናቆም ነው፣ ነጋዴዎቹ ሊስማሙ ነው አለው። ሸትልስወርዝ በጣም ተቆጣ፣ እስክናሸንፍ አናቆምም ተባብለን ነው የጀመርነው፣ አንተ ትሄዳለህ፣ እዚህ ህዝብ ፊት ቃሉን የሰጠው እኔ ነኝ አለው፣ ክብረ ነክ ቃልም ወጣው። ክፍሉ ውስጥ የኬኔዲ መንግስት ሰውም ነበር።

ይሄን ጸብ አንዳንዱ እንደ ቅናት ያነበዋል። እኔ እንደዛ አይመስለኝም። ያዙልኝ ያልኳችሁ የ1962ቱ ጽሁፍ ነው፣ ኪንግ ከከተማው እንደወጣ ተመልሶ የተለጠፈው። አንዴ የተታለለ ሰው ነው፣ ሁለተኛ ሰልፉን አቁሙና እንነጋገር ሲባል ምን እንደሚመጣ ያውቃል። ኪንግ ደግሞ ድርድሩ እንዳይፈርስ ፈርቷል። ሁለቱም በቂ ምክንያት ነበራቸው።

ሜይ 10 ስምምነቱ ይፋ ሆነ፣ ሸትልስወርዝም ከኪንግ ጎን ሆኖ መግለጫውን አነበበ። የሱቆቹ ምግብ መሸጫ፣ ልብስ መለኪያ ክፍል፣ ሽንት ቤትና የውሃ መጠጫ በ90 ቀን ውስጥ ለሁሉም ይከፈታል፣ ጥቁሮች በሱቆቹ የተሻለ ስራ ይቀጠራሉ፣ የታሰሩት ይፈታሉ። በማግስቱ ማታ የኪንግ ወንድም ቤትና ኪንግ ያረፈበት ሞቴል ላይ ቦንብ ፈነዳ። በጁን 11 ፕሬዝዳንት ኬኔዲ በቴሌቪዥን ቀርቦ የበርሚንግሃምን ስም ጠርቶ አዲስ ህግ ለኮንግረስ እልካለሁ አለ። ሴፕቴምበር 15 እሁድ ጠዋት ያቺው 16ኛ መንገድ ቤተክርስቲያን ፈነዳች፣ አዲ ሜ ኮሊንስ፣ ሲንቲያ ዌስሊ፣ ካሮል ሮበርትሰንና ዴኒስ ማክኔር የሚባሉ አራት ልጆች ሞቱ። ትንሿ ዴኒስ 11 ዓመቷ ነበር። የሲቪል መብቶች ህጉ የተፈረመው ጁላይ 2 ቀን 1964 ነው።

ፍርድ ቤቶቹ ምን አሉ?

የሸትልስወርዝ ስም አሜሪካ ህግ ትምህርት ቤት ውስጥ ዛሬም ይጠራል። 1960 ላይ ኒውዮርክ ታይምስ ላይ ኪንግን ለመርዳት የወጣ ማስታወቂያ ነበር፣ እሱና ሌሎች ፓስተሮች ስማቸው የገባው ሳይጠየቁ ነው። ጽሁፉ ውስጥ ጥቃቅን ስህተቶች ነበሩና ሱሊቫን የሚባል የሞንትጎመሪ ባለስልጣን ስሜ ጠፋ ብሎ ጋዜጣውንም ፓስተሮቹንም ከሰሰ፣ የአላባማ ፍርድ ቤት 500 ሺ ዶላር ፈረደለት፣ ይግባኙ ሳያልቅ የሸትልስወርዝ መኪና ተወረሰ። 1964 ላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምጽ ሻረው። ባለስልጣን ስሜ ጠፋ ብሎ ካሳ ለማግኘት ጸሃፊው ውሸት መሆኑን እያወቀ ወይ እውነቱን ለማጣራት ግድ ሳይሰጠው እንደጻፈ ማሳየት አለበት አለ። የአሜሪካ ጋዜጠኛ ባለስልጣንን ሳይፈራ የሚጽፍበት ትልቁ ከለላ ይሄ ነው።

ሌላው ያ የስቅለት ቀን ሰልፍ ነው። ያለ ፈቃድ ሰልፍ መራህ ተብሎ 90 ቀን ከከባድ የጉልበት ስራ ጋር ተፈረደበት፣ ቅጣቱን ካልከፈለ ደግሞ ተጨማሪ 48 ቀን። ይግባኝ አለ፣ ስድስት ዓመት ፈጀ። ማርች 1969 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ባለስልጣን ደስ ሲለው የሚሰጠው፣ ሳይለው የሚከለክለው ፈቃድ ፈቃድ አይደለም፣ እንዲህ ያለ ደንብ ከህገመንግስቱ ጋር ይጋጫል ብሎ ነጻ አደረገው። ያቺ ፈቃድ ልትጠይቅ የሄደችው ሴትና የኮነር መልስ ፍርዱ ውስጥ ተጽፈዋል።

እኛን ምን አገናኘን?

አሜሪካ ያለን ሰዎች በቀጥታ ነው የሚያገናኘን። የ1964ቱ ህግ ቀጣሪ በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖት፣ በጾታ ወይ በትውልድ አገር ሰውን እንዳይለይ ይከለክላል፣ አነጋገርህ የውጪ ነው ተብሎ ከስራ የተገፋ ሐበሻ መከራከር የሚችለው በዚህ ህግ ነው። ከዛ በፊት በነበረው የኢሚግሬሽን ኮታ የኢትዮጵያ ድርሻ በዓመት 100 ሰው ነበር። ያ አሰራር የተሻረው ኦክቶበር 1965 ላይ በተፈረመው ህግ ነው፣ በዘር መለየት ነውር ነው የሚለው ሃሳብ በነዚህ ዓመታት ኮንግረስ ውስጥ ባያሸንፍ ኖሮ ያ ህግ ይወጣ ነበር ለማለት ይከብዳል።

ሰውየው በመጨረሻ ምን ሆነ?

ሲንሲናቲ ላይ እስከ 2006 ፓስተር ሆኖ አገለገለ፣ ድሆች የራሳቸውን ቤት እንዲገዙ የሚረዳ ድርጅት አቋቋመ። 2007 አላባማ ውስጥ፣ 1965 ላይ የመምረጥ መብት የጠየቁ ሰልፈኞች በተደበደቡበት የሴልማ ድልድይ ላይ በዊልቼር ሲሄድ ከሚገፉት አንዱ ያኔ ሴናተር የነበረው ባራክ ኦባማ ነው። ኦክቶበር 5 ቀን 2011 በ89 ዓመቱ በርሚንግሃም ላይ አረፈ። ስቲቭ ጆብስ የሞተው በዛው ቀን ስለሆነ ዜናው ብዙም ሳይሰማ አለፈ።

በርሚንግሃም ካለፋችሁ ኤርፖርቱን ብቻ አይታችሁ አትመለሱ። የቤቴል ቤተክርስቲያን የቀድሞ ህንጻ አሁንም ቆሟል፣ በብሄራዊ ታሪካዊ ቅርስነት ተመዝግቧል፣ አብሮት የተመዘገበ ትንሽ ቤትም አለ፣ የጥበቃ ቤት ይሉታል። ከገናው ፍንዳታ በኋላ የሰፈሩ ወንዶች ቀን ስራቸውን ውለው ማታ ማታ በተራ ይጠብቁ ነበር። ጁን 1958 ሌሊት ላይ ቤተክርስቲያኑ ጥግ ጭስ የሚወጣው የቀለም ጣሳ ተገኘ፣ ዳይናማይት ነው፣ ክሩ እየነደደ ነው። ዊል ሆልና ስቶን ጆንሰን የሚባሉ ጠባቂዎች ጣሳውን አንስተው ተሸክመው ወደ መንገዱ መሃል አወጡት፣ አስቀምጠው ሮጡ፣ ፈነዳ። የቤተክርስቲያኑ መስኮቶች ረገፉ፣ ሰው አልሞተም። በማግስቱ ማታ ጥበቃው ቀጠለ።